«ነጭ ደም ሴልህ ጨምሯል» እና ሌሎች የከተማችን ፍርዶች

የአዲስ አበባ ልጅ ከሆናችሁ ከእነዚህ ሦስት አረፍተ ነገሮች ቢያንስ አንዱን ሰምታችኋል፡፡ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው፡፡» «ደምሽ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ፡፡» «ነጭ ደም ሴልህ ጨምሯል፡፡» የመጀመሪያው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው ለሌላ ቀን ይቆየን፡፡ የዛሬው ጉዳዬ ሦስተኛው ነው፤ ሁለተኛውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከሱ ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አፍንጫ ይዘጋል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሰውነት ይቆራረጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፡፡ እናት ዳማከሴ ትጨምቃለች፣ ዝንጅብል ትቀቅላለች፡፡ በሁለተኛው ቀን ትዕግስት ያልቅና ክሊኒክ ይኬዳል፡፡ ካርድ ይወጣል፣ ደም ይቀዳል፣ ኮሪደር ላይ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፡፡ ከዚያ አንዲት ወረቀት ትመጣለች፡፡ ወረቀቷ ላይ ከሃያ የማያንሱ ቁጥሮች አሉ፤ ካንዱ ጎን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት አለች፡፡ ያቺ ቀስት ጉዳዩን ትዘጋዋለች፡፡ «ነጭ ደም ሴልህ ጨምሯል፤ መድኃኒት ልጻፍልህ፡፡» ይጻፋል፤ ይገዛል፤ ይዋጣል፡፡ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ጉንፋኑ ይለቃል፤ ሊለቅ የነበረው ጉንፋን! ምስጋናው ግን የካፕሱሉ ይሆናል፡፡

እኔ የምለው አጭር ነው፡፡ የነጭ ደም ሴል ቆጠራ መረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም፡፡ ይቺን አንዲት ቁጥር ብቻ ይዞ በቫይረስ ለመጣ የመተንፈሻ አካል ሕመም አንቲባዮቲክ ማዘዝ ትክክል አይደለም፤ «እዘዙልኝ» ብሎ መጨቅጨቅም እንዲሁ፡፡ ሁለተኛው ጥፋት የኛ የወጣቶቹ የከተሜዎቹ ስለሆነ ዛሬ ዱላዬ ወደ ሐኪሞች ብቻ አይወረወርም፡፡

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ሲቢሲ የምንለው ምርመራ ሙሉ የደም ሴሎች ቆጠራ ነው፡፡ ቀይ ሴሎችን፣ ነጭ ሴሎችንና ፕሌትሌቶችን ይቆጥራል፡፡ ድሮ ይህ የማይክሮስኮፕ ሥራ ነበር፤ ባለሙያው መስመር የተሰመረበት መስታወት ላይ የተበረዘ ደም ጠብ አድርጎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ አንድ ሁለት እያለ ይቆጥር ነበር፡፡ ዋላስ ኮልተር የተባለ አሜሪካዊ ሴሎች በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፉ በኤሌክትሪክ ፍሰት ላይ የሚፈጥሩትን ለውጥ ተከትሎ የሚቆጥር ዘዴ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፡፡ ከዚያ ወዲህ ነው ቆጠራው የደቂቃ ሥራ የሆነው፡፡ ዛሬ ደህና የሚባል ክሊኒክ ሁሉ አንድ ማሽን አያጣም፡፡ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማሽኑ ላይ ጠብ የለኝም፡፡

ለአዋቂ ሰው አብዛኛው ላብራቶሪ «ልክ ነው» የሚለው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ነጭ ሴል ሲገኝ ነው፡፡ የመጀመሪያው ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል፡፡ «ነጭ ደም ሴል» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም፡፡ አምስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን የሚይዙት ኒውትሮፊሎች ናቸው፤ ባክቴሪያን ፊት ለፊት ገጥመው የሚውጡ እግረኛ ወታደሮች፡፡ ቀጥለው ሊምፎሳይቶች ይመጣሉ፤ በቫይረስ የተያዘ ሴልን እያደኑ የሚገድሉት፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትና ያለፈ ጠላትን መልክ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው፡፡ ሞኖሳይቶች አሉ፡፡ በአለርጂና በጥገኛ ትላትል ጊዜ የሚበዙ ኢኦሲኖፊሎች አሉ፡፡ በመጨረሻም ቁጥራቸው ከሁሉም የሚያንሰው ቤዞፊሎች አሉ፡፡

እንግዲህ አጠቃላይ ቁጥሩን ብቻ መስማት ማለት «ስታዲየም ውስጥ ሃያ ሺህ ሰው አለ» እንደመባል ነው፡፡ ስንቱ የጊዮርጊስ፣ ስንቱ የቡና ደጋፊ እንደሆነ ካልተነገረህ ጨዋታው እንዴት እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

ሁለተኛው ችግር ደግሞ ይህ ቁጥር ለብዙ ምክንያት የሚወጣና የሚወርድ መሆኑ ነው፡፡ መቅኔያችን በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ኒውትሮፊል ያመርታል፡፡ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከደሙ ጋር አይፈሱም፤ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ተራ ይጠብቃሉ፡፡ ሰው ሲደነግጥ፣ አጥብቆ ሲሮጥ፣ ሲያመው አድሬናሊን ይለቀቅና ግድግዳውን ለቀው ወደ ደሙ ይገባሉ፤ ቆጠራውም በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ይላል፡፡ አንድም አዲስ ወታደር አልተወለደም፣ ግን ሰልፉ በዝቶ ይታያል፡፡ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁጥሩ ከማያጨሰው ከፍ ብሎ ይኖራል፡፡ ነፍሰ ጡር ከፍ ይልባታል፡፡ ለአስም ወይም ለአለርጂ ፕሬድኒሶሎን የጀመረም እንዲሁ፡፡ መርፌ የሚያስፈራው ሰውም እዚህ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፡፡

ቫይረስ ሲገባ ቁጥሩ ወዴት ይሄዳል?

በኢንፍሉዌንዛና በመሰሎቹ የመተንፈሻ ቫይረሶች ጊዜ የአዋቂ ሰው ቆጠራ ብዙውን ጊዜ ልክ ላይ ይቆያል ወይም ዝቅ ይላል፡፡ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊምፎሳይቶች ከደም ውስጥ ይቀንሳሉ፤ አንድም ወደ ታመመው አካል ስለሚሄዱ፣ አንድም ስለሚሞቱ፡፡ ሰውየው ሲያገግም ይመለሳሉ፡፡ በአንጻሩ በባክቴሪያ የሳንባ ምች ጊዜ ኒውትሮፊሎች ብድግ ይላሉ፤ ያልበሰሉ ወጣት ኒውትሮፊሎችም ሳይቀሩ ከመቅኔ ወጥተው ይዘምታሉ፡፡ የመማሪያ መጽሐፉ ይህን ይላል፡፡ ሐኪሞች ቁጥሩን የሚያዩትም በከንቱ አይደለም፡፡

ሕመምተኛ ግን እንደ መማሪያ መጽሐፍ አይታመምም፡፡ አዴኖ ቫይረስ የሚባለው የመተንፈሻ ቫይረስ በሕፃናት ላይ ቆጠራውን ከ15,000 በላይ አስወጥቶ ቁጭ ብሎ ባክቴሪያ ሊመስል ይችላል፡፡ በሌላ በኩል አደገኛ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የያዛቸው ሽማግሌ ቆጠራቸው ልክ ላይ ሆኖ፣ አልፎም ወርዶ ሊገኝ ይችላል፤ መውረዱ እንዲያውም የከፋ ምልክት ነው፡፡ በጣም የሚገርመኝን ልንገራችሁ፡፡ እውነተኛው ታይፎይድ ባክቴሪያ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሴልን ከልክ አያሳልፍም፤ እንዲያውም የሚቀንስባቸው ሕሙማን አሉ፡፡ «ነጭ ደም ሴልህ ጨምሯል፣ ታይፎይድ ነው» የተባላችሁ ሰዎች ይህችን አረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት፡፡

ስለዚህ የቫይረስና የባክቴሪያ ቁጥሮች እንደ አራዳና እንደ ቦሌ ድንበር የላቸውም፡፡ ተደራርበው ይኖራሉ፡፡ 12,000 ያለው ሰው ቫይረስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ 7,000 ያለው ሰው ሳንባው በባክቴሪያ ተይዞ ሊሆን ይችላል፡፡ ሚዛኑን የሚደፋው ሌላው ነገር ነው፡- ሰውየው እንዴት ይተነፍሳል፣ ሳንባው ሲደመጥ ምን ይሰማል፣ ትኩሳቱ ስንት ቀኑ ነው፣ እየተሻለው ነው ወይስ እየባሰበት?

በነገራችን ላይ «ንፍጤ አረንጓዴ ሆኗል፣ ስለዚህ ባክቴሪያ ነው» የሚለውም ያው ተረት ነው፡፡ አረንጓዴውን ቀለም የሚያመጣው ኒውትሮፊሎች ውስጥ ያለ አረንጓዴ ኢንዛይም ነው፡፡ ወታደሮቹ ደርሰዋል ማለት ነው፤ የጠላትን ማንነት ግን አይናገርም፡፡ በተራ ጉንፋንም ይመጣል፡፡

ኮቪድ ያስተማረንና ያልተማርነው

የዚህ ሁሉ ትልቁ ፈተና የመጣው በኮቪድ ጊዜ ነበር፡፡ ቻይና ውስጥ እስከ ጥር 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሆስፒታል የገቡ 1,099 ሕሙማንን ያካተተው የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት ሲታተም ዶክተሮች ቀድመው ያዩት የደሙን ሰንጠረዥ ነው፡፡ ሲገቡ ሊምፎሳይታቸው የቀነሰ 83.2 በመቶ፤ ጠቅላላ ነጭ ሴላቸው የቀነሰ 33.7 በመቶ፡፡ ጠቅላላው ቁጥር ከልክ ያለፈባቸው ግን ስድስት በመቶ አይሞሉም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 ሆንግ ኮንግን ያስጨነቀው ሳርስም ሊምፎሳይትን በማውረድ ይታወቅ ነበር፡፡ ማለትም «ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው የዘመኑን ከባዱን የመተንፈሻ በሽታ «ደህና ነህ» ብሎ ሊሸኘው ይችል ነበር፡፡ ዝርዝሩን የሚያነብ ሐኪም ደግሞ የሊምፎሳይቱን መውረድ አይቶ «ይህ ሰውዬ ሊከብድበት ይችላል» ብሎ ይጠነቀቅ ነበር፡፡ አያችሁ? ቆጠራው ጥቅም አለው፡፡ ለሚያነበው፡፡

ከእነዚያ 1,099 ሕሙማን 58 በመቶው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸዋል፡፡ የመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ፣ በሽታው ስላልታወቀ፣ ድንጋጤ ስለነበረ ይቅር እንበል፡፡ ከዚያስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ዙሪያ በኮቪድ ሆስፒታል ከገቡት ውስጥ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ተደርቦ የነበረባቸው 8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ግን ከአራቱ ሦስቱ ናቸው፡፡ «ለማንኛውም» ተብሎ! ይህ «ለማንኛውም» የሚባል ቃል የብዙ ነገር ጠንቅ ነው፡፡

እኛስ? የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ የነበረውን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፡፡ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሲወደድ፡፡ አዚትሮማይሲን ደግሞ በየሰው ኪስ ስትገባ፡፡ ስሟን የማያውቅ አልነበረም፡፡ ወረርሽኙ ሄደ፣ ልማዱ ግን ቀረ፡፡ ዛሬም ጉንፋን የያዘው ሰው ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ «ያቺን የሦስት ቀኗን ስጪኝ እህቴ» ይላል፡፡

ልኩ የማን ልክ ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኛን ግን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ፡፡ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚለው ልክ ከየት መጣ? በአመዛኙ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ደም ተቆጥሮ የተገኘ ነው፡፡ ማሽኑ ሲገዛ ልኩ አብሮ ይመጣል፡፡

የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች ዘንድ ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ አነስ ያለ፣ ነገር ግን ፍጹም ጤነኛ የሆኑ ብዙ ሰዎች አሉ፡፡ ይህ ከየመን በመጡ አይሁዳውያንና እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ላይ ተጠንቶ የታወቀ ነው፡፡ ምክንያቱ በአመዛኙ አንዲት የዘር ለውጥ ናት፡፡ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን በቀይ ደም ሴል ላይ እንዳይወጣ ታደርጋለች፤ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት ስለምትከላከል ከጥንት ጀምሮ በአፍሪካ ተስፋፍታለች፡፡ ለውጧ ከዝቅተኛ የኒውትሮፊል ቁጥር ጋር ያላት ግንኙነት በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፡፡ እነዚህ ሰዎች ለኢንፌክሽን የበለጠ አይጋለጡም፡፡ ቁጥሩ ነው የሚያንሰው፣ መከላከያው አይደለም፡፡

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ ቁጥራቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ሰዎች ያለ ምክንያት መቅኔያቸው ተወግቶ ይመረመራል፤ የካንሰር መድኃኒታቸው ይቀነሳል ወይም ይዘገያል፡፡ ክሎዛፒን የተባለው ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ኒውትሮፊልን ሊያወርድ ስለሚችል ቆጠራው ዝቅ ያለ ሰው እንዳይጀምር ይደረግ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ለእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ወለሉ ወደ 1,000 ዝቅ የተደረገው፡፡

ነገሩ ለአገራችን ሳይንቲስቶች አዲስ አይደለም፡፡ የኢትዮጵያና የሆላንድ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤች.አይ.ቪ. የሌለባቸውን ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ደም ከሆላንዳውያን ጋር ሲያነጻጽር የሲዲ4 ቁጥራችን ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ጤነኛ ሰዎች! ይህ ከተመዘገበ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ የክሊኒኮቻችን ወረቀት ግን ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ጋር የመጣውን ልክ ያትማል፡፡

ውጤቱ ሁለት ዓይነት ስህተት ነው፡፡ ከመነሻው 3,500 የሆነ ጤነኛ ልጅ «ደምህ አንሷል፣ አቅም የለህም» ተብሎ ይደነግጣል፡፡ ከመነሻው 3,500 የነበረው ሰው በእውነተኛ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ተይዞ 9,000 ሲደርስ ደግሞ «ልክ ነው» ተብሎ ይሸኛል፤ ለሱ ግን ቁጥሩ በእጥፍ ተኩል አድጓል፡፡ ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር! ለዚህ ነው የድሮ የምርመራ ወረቀታችሁን አትጣሉ የምለው፡፡ ደህና በነበራችሁበት ቀን የተቆጠረ ቁጥር ከማሽኑ ልክ በላይ ስለናንተ ይናገራል፡፡

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ

«እሺ፣ ባያስፈልግስ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም፡፡ ይጎዳል፡፡

አንቲባዮቲክ የሚመታው ባክቴሪያ ያለውን፣ ቫይረስ የሌለውን ነገር ነው፡፡ የአሞክሳሲሊን ዘመዶች የባክቴሪያን ግድግዳ ያፈርሳሉ፤ ቫይረስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፡፡ አዚትሮማይሲን የባክቴሪያን የፕሮቲን ማምረቻ ያቆማል፤ ቫይረስ የራሱ ማምረቻ የለውም፣ የኛን ተውሶ ነው የሚሠራው፡፡ ስለዚህ ጉንፋን ላይ የተዋጠ ካፕሱል ቫይረሱን አያገኘውም፡፡ የሚያገኘው አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን፣ እህላችንን የሚያግዙንን ባክቴሪያዎች ነው፡፡ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፡፡ ተቅማጡ፣ ሽፍታው፣ አልፎ አልፎም አደገኛው አለርጂ ከዚህ ይመጣል፡፡

ከዱላው ያመለጡት ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱት ይሆናሉ፡፡ እነሱ ይራባሉ፡፡ ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 ኖቤል ሲሸለም ባደረገው ንግግር ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር፡፡ ሰማንያ ዓመት አለፈው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ተገምቷል፡፡ ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከፍተኛው ሞት የተገመተው ከሰሃራ በታች ባለው ምዕራባዊ የአፍሪካ ክፍል ነው፤ ጥሩ መድኃኒት እንደ ልብ በሚገኝበት ሳይሆን በማይገኝበት፡፡ በኛም አገር ትላልቅ ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ክሌብሴላ የተባለው ባክቴሪያ ብዙ መድኃኒት ለምዶ እንደሚገኝ በተደጋጋሚ ተጽፏል፡፡

ጉዳዩ ገንዘብ የማባከን ብቻ ያልሆነብኝ ለዚህ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲመድብ አሞክሳሲሊንን መጀመሪያ ከሚሰጡት ጋር፣ አዚትሮማይሲንንና ሴፍትሪያክሶንን ግን በጥንቃቄ ሊያዙ ከሚገባቸው ጋር አስቀመጣቸው፡፡ እኛ ለጉንፋን የምንወጋው መርፌ ያንን ሴፍትሪያክሶን ነው! አንድ ወዳጄ አለ፡፡ ሁለት ቀን አተኮሰው፣ ቆጠራው 11,400 መጣ፣ አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየተመላለሰ ተወጋ፡፡ በዚያው ሳምንት ያንኑ ጉንፋን ከሱ የተጋባባት ሚስቱ ዝንጅብል በማር ጠጥታ ተኛች፡፡ ሁለቱም ባንድ ቀን ተነሱ፡፡ እሱ እስከ ዛሬ «መርፌው ነው ያዳነኝ» ይላል፡፡ እሷን ማን አዳናት ስለው ወሬ ይቀይራል፡፡

ጥፋቱ የማን ነው?

አንዳንድ የግል ክሊኒኮች ከምርመራና ከመድኃኒት ሽያጭ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው፡፡ «ምንም የለብህም፣ ቤትህ ሂድና ተኛ» የሚል ክሊኒክ ኪራይ የሚከፍለው በምንድን ነው? ቁጥር ያለበት ወረቀት ግን ለሁሉም ይስማማል፡፡ ባለቤቱ ሸጠበት፣ ሐኪሙ ምክንያት አገኘበት፣ ታማሚው ደግሞ «በሽታዬ ስም አገኘ» ብሎ ተጽናና፡፡ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጥ ፋርማሲም አለ፤ ሕጉ በማዘዣ ይላል፣ መስኮቱ ግን ሌላ ይላል፡፡

ይሁን እንጂ ፍትሐዊ እንሁን፡፡ በቀን ስልሳ ሰው የሚያይ ወጣት ሐኪም ለእያንዳንዱ ስለ ቫይረስና ባክቴሪያ ልዩነት ሌክቸር ይስጥ? የባክቴሪያ ካልቸር ልኮ ቀናት ይጠብቅ? እኛስ ምን ዓይነት ታማሚዎች ነን? መድኃኒት ያላዘዘ ሐኪም «አያውቅም» ይባላል፡፡ ደም ያልወሰደ «ዝም ብሎ በዓይኑ አይቶ ሸኘኝ» ይባላል፡፡ ከዚያ ወጥተን ሁለተኛ ክሊኒክ እንገባለን፤ እስኪታዘዝልን ድረስ፡፡ ሐኪሙም ይህን ያውቃል፡፡ ልቡ «ቫይረስ ነው» እያለው እጁ ይጽፋል፡፡

የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፡፡ «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እዚህ ሰው ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሻላል፡፡» ተቃውሞው ቀላል አይደለም፡፡ የሳንባ ምች አገራችን ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንዱ ነው፡፡ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ያለ ሕክምና ሲተው የልብ ቧንቧ በርን የሚያበላሸውን የሩማቲክ የልብ በሽታ ያስከትላል፤ በዚህ የተነሳ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ወጣቶች ብዙ ናቸው፡፡ አንቲባዮቲክ ሕይወት የሚያድንበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ ቀን መዘግየትም ኃጢአት ነው፡፡

ነገር ግን መልሱም ከዚሁ ከአገራችን ገጠር ይመጣል፡፡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሳንባ ምችን የምትለየው በምንድን ነው? ሲቢሲ ማሽን የላትም፡፡ ሰዓት ይዛ የሕፃኑን ትንፋሽ ትቆጥራለች፡፡ ሳል ያለበት ሕፃን ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ምች ነው ብላ አሞክሳሲሊን ትሰጣለች፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ሌላ የአደጋ ምልክት ካየች ወደ ላይ ትልካለች፡፡ ከቁጥሩ በታች ከሆነ ደግሞ «ጉንፋን ነው፣ ጡት አጥቢው፣ ይህንን ካየሽ ተመለሽ» ብላ እናትየዋን ትሸኛለች፡፡ እሷም ትቆጥራለች፤ ግን የምትቆጥረው ከሕፃኑ አደጋ ጋር በቀጥታ የተያያዘውን ነገር ነው፡፡ ቁጥሩን ከሰውየው ጋር አብራ ታየዋለች፡፡ ከተማ ያለነው ደግሞ ማሽን አለንና ሰውየውን ማየት ትተናል፡፡

እና ምን እናድርግ?

ሐኪም ዘንድ አትሂዱ አላልኩም፡፡ ስትሄዱ ግን ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፡፡

አንደኛ፡- «ዶክተር፣ ከቁጥሩ ሌላ ባክቴሪያ ነው ያስባለዎት ምንድን ነው?» ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም፤ «ሳንባህ እዚህ ጋ ድምፅ አለው» ወይም «ጉሮሮህ ላይ መግል አለ፣ ሳልም የለህም» ይላችኋል፡፡ መልሱ ወረቀቷ ብቻ ከሆነች አስቡበት፡፡

ሁለተኛ፡- «የጨመረው የትኛው ሴል ነው?» ይቺ ጥያቄ ብቻ ወረቀቷን እንደገና እንድትነበብ ታደርጋለች፡፡

ሦስተኛ፡- «ሁለት ቀን ብንጠብቅ ምን ይሆናል? ምን ባይ ልመለስ?» ይህ ከሁሉም ይበልጣል፡፡ መጠበቅም ሕክምና ነው፤ ምን እንደሚጠበቅ ከታወቀ፡፡

የማይጠበቁትን ደግሞ እንወቅ፡፡ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የከንፈር መጥቆር፣ ግራ መጋባት፣ መጠጣት አለመቻል፣ ከሦስት ቀን በላይ የማይበርድ ትኩሳት፣ ተሽሎ የነበረ ሕመም እንደገና መባስ፡፡ ሕፃናት፣ አዛውንቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳርና የልብ ሕሙማን ቶሎ መታየት አለባቸው፡፡

ሳልን በተመለከተ ደግሞ ሰው ሳል በሳምንት የሚጠፋ ይመስለዋል፤ ጥናቶች ሲደመሩ ግን ከጉንፋን በኋላ ያለ ሳል በአማካይ ወደ 18 ቀን ይቆያል፡፡ በሰባተኛው ቀን ስላልጠፋ ብቻ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፡፡ ግን እኛ አገር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል አክታ መመርመር አለበት፤ ቲቢ አለና፡፡ ብዙው ሳል ጉንፋን ሆኖ ይገኛል፤ ቢሆንም ይመርመር፡፡ በመሀል በራስ ፈቃድ የተዋጡ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች፣ በተለይ እነ ሲፕሮ፣ ቲቢውን ለጊዜው አድበስብሰው ምርመራውን ያዘገዩታል፡፡

ከመንግሥትና ከባለሙያ ማኅበራት የምንጠብቀውም አለ፡፡ ከማሽን ጋር የመጣ ልክ ሳይሆን ከራሳችን ሕዝብ ደም የተወሰደ የደም ቆጠራ ልክ በየላብራቶሪው ይግባ፤ ጥናቱን የሚሠሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፡፡ ሐኪም የሚመዘነው ባዘዘው ብዛት ሳይሆን ባልታዘዘው ትክክለኛነት ጭምር ይሁን፡፡ የመስኮቱም ሽያጭ ሕጉን ይምሰል፡፡

ከኛ የሚጠበቀው ግን ከሁሉም ይቀላል፡፡ ጉንፋን ሲይዘን ለመታመም ፈቃደኛ እንሁን፡፡ አልጋ፣ ውሃ፣ ማር፣ ሾርባ፣ ትዕግስት፡፡ ዛሬ ለጉንፋን ያባከንነው መርፌ ነገ ለሚወለድ ሕፃን ሊሠራ የሚገባው ነው፤ የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ይገኛል፣ ባክቴሪያው ግን አያውቅህም ይለዋል፡፡ ያን ቀን ደግሞ የማንም ሰው ነጭ ደም ሴል ስንት እንደነበረ የሚጠይቅ አይኖርም፡፡